ፍሬኑ ተይዞ ነበር

መኳንንት ፊልም ሲያይ ያለቅሳል። ይህንን ዳላስና ፎርት ወርዝ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ዋይሊ በምትባለው ከተማ የገዛው ቤት ፎቁ ላይ የሲኒማ ክፍል አለው፤ ግድግዳውን የሚሞላ ስክሪን፣ ወደ ኋላ የሚጋደም የቆዳ ወንበር፣ ምኑ ቅጡ። እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር እንግዳውን ሁሉ እዚያ ያስገባና ያንኑ አሮጌ የሕንድ ፊልም ይከፍታል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ መነጽሩን ያወልቃል። ሚስቱ አይናዲስ ሶፍት ታቀብለዋለች። ሴቶቹ "አይ መኳንንት፣ አንጀቱ እኮ አይችልም!" ይባባላሉ። እኔ ያንን አንጀት ከቅርብ አይቼዋለሁና እስቲ ላውራው።

ፊልሙ የሁለት ጓደኛሞች ታሪክ ነው። አንደኛው የባለ ወፍጮው ጌታ ልጅ፣ ሌላው የቤቱ ልብስ አጣቢ ልጅ። አብረው ያድጋሉ፣ ወንዝ አብረው ይዋኛሉ፣ እንደ ሕንድ ወግም ዛፍ እየዞሩ ይዘፍናሉ። ሀብታሙ ሲዳር ትልቅ ድግስ ይደገሳል። ድሃው ጓደኛው ሊበላ ሲቀመጥ የሙሽራው አባት "አንተ ከእኛ እኩል አትቀመጥም" ብለው ከማዕድ አንስተው ወደ ጓሮ ይሰዱታል። ሙሽራው ይህን ሲሰማ ከነወርቀዘቦው ተነሥቶ፣ ሳህኑን ይዞ፣ ጓሮ አመዱ ላይ ከጓደኛው ጎን ቁጭ ይልና ይበላል። መኳንንት የሚያለቅሰው እዚህ ጋ ነው።

ፊልሙን አልሰድበውም፤ እኔም አልቅሼበታለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መኳንንት ላይ ቤት ሶፍት ሲቀበል የእኔ ባል አሻግሬ የት ነው? ታች ጋራዥ ውስጥ ነው። ሸራ አንጥፎ፣ ሽርጥ ታጥቆ፣ የቅርጫውን በሬ እየበለተ ነው። በሬው ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ይገዛል፣ እዚያው ይታረዳል፣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። መደቡን የሚመድበው፣ ለቁርጥ የሚሆነውን የሚለየው፣ ጨጓራውን የሚያጥበው አሻግሬ ነው። ማንም አዞት አያውቅም። "አሻግሬ እጁ ያውቃል" ይባላል፣ በቃ። ፊልሙ አልቆ ሰው ዐይኑን እየጠረገ ሲወርድ ሥጋው ተቆርጦ ይጠብቀዋል። አሻግሬ ታጥቦ ሲመጣ ግን ወንበር አልቋል፤ ጋራዡ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ይበላል። ከእኔ በቀር ሳህን ይዞ ወርዶ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አላየሁም።

"ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለህ፣ ዋይሊ ሥጋ ትበልታለህ፤ ምነው ሁሉ ቦታ ሥራ አገኘህ?" ስለው ይስቃል።

"የትሜ፣ ወንድሜ እኮ ነው" ይለኛል።

ወንድምነታቸው ከአዲስ ከተማ የመጣ ነው። አንድ ግቢ ነው ያደጉት። የመኳንንት አባት የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ ግቢው የእሳቸው ነው። የአሻግሬ አባት የግቢው ዘበኛ ነበሩ። አሻግሬ ልጅ ሆኖ ሲኒማ ቤት በር ላይ ኦቾሎኒ ይሸጥ ስለነበር በረኛው በነጻ ያስገባዋል። የመኳንንት አባት ደግሞ ሲኒማ የሚባል ነገር መስማት አይፈልጉም፤ ስለዚህ አሻግሬ እየደበቀ ይዞት ይገባል። ያንን ፊልም እየተመላለሱ ከማየታቸው ብዛት ሕንድኛ ለመዱ። እንግዲህ የጌታው ልጅ በዘበኛው ልጅ ትከሻ ነው ሲኒማ የገባው። ይህንን መኳንንት ዋይሊ ላይ ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም።

የመኳንንትን ውለታ ግን አልክድም። እሱ በሱዳን በኩል ቀድሞ መጥቶ፣ ብዙ ተንከራትቶ፣ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ የቫን ሥራ አቋቋመ። እኛ በሎተሪ ስንመጣ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ድረስ መጥቶ የተቀበለን እሱ ነው። አንድ ክፍል ለቆልን ብርዱን አሳልፈንበታል። ከዚያ እኛ ጋርላንድ አፓርታማ ተከራየን፤ እኔ ዌርሃውስ ገባሁ፣ አሻግሬ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ጀመረ። ሥራውን ይወደዋል። ሽማግሌና አሮጊት መግፋት አባቱን የሚጦር ይመስለዋል። ያገሩ ሰው ሁሉ በዚያ በር ስለሚያልፍ "አሻግሬ ተቀበለኝ" የማይል የለም።

ነገሩ የሆነው አምና በኅዳር፣ ታንክስጊቪንግ በሚሉት በዓል ሰሞን ነው። ኤርፖርቱ በሰው ተጨናንቋል። ለአሻግሬ የደረሰችው አንዲት ሕንዳዊት አሮጊት ናት፤ ኧርቪንግ የሚኖር ልጇን ልትጠይቅ የመጣች። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አትችልም። አሻግሬ ደስ ሊያሰኛት በሕንድኛ ሰላም ይላታል። የእሱ ሕንድኛ የፊልም ሕንድኛ ነው፤ "እንኳን ደህና መጡ" ማለት አያውቅም፣ "እናቴ ሆይ፣ ደሜን አፈስልሻለሁ" ማለት ግን ያውቃል። አሮጊቷ ይህንን ከአንድ የቴክሳስ ሐበሻ ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች። እስከ መውጫው ድረስ እያወራችው፣ እሱም በየመሐሉ እየማለላት ሄዱ።

ልጇ መኪና ሊያመጣ ሄደ። አሻግሬ ወንበሩን እግረኛ መንገዱ ላይ አቆመ። ግራና ቀኙን ፍሬን ያዘ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ወንበሩን ነቅነቅ አድርጎ መያዙን አረጋገጠ፣ ከዚያ የእግር መርገጫውን ሊያነሣላት ጎንበስ አለ። በዚያ ቅጽበት አንድ ቫን ወደ ኋላ መጣና እግረኛ መንገዱ ላይ ወጥቶ ገጫቸው። ወንበሩ ተገለበጠ። አሮጊቷ የእጇ አንጓ ተሰበረ። አሻግሬ ትከሻውን ተመትቶ ቀና ሲል ከቫኑ ማን ይወርዳል? ሾፌሩ በዚያ ቀን ስለቀረበት ራሱ ሊነዳ የወጣው መኳንንት፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ።

"ወይኔ አሻግሬ! አላየሁህም፣ በማርያም አላየሁህም!" አለ።

በአማርኛ ነው ያለው። እዚያ የሰማውና የገባው አሻግሬ ብቻ ነው። ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ መኳንንት እንግሊዝኛውን አሳምሮ "ዊልቸሩ ፍሬን አልተያዘለትም ነበር፤ ተንሸራቶ ከኋላዬ ገባ" አለ። ባሌ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። የኤርፖርቱን ካሜራ ምሰሶ ከልሎታል። አሻግሬ ተራው ሲደርስ በሚችላት እንግሊዝኛ "ፍሬን ይዣለሁ" ብቻ አለ። ፖሊሱ የመኳንንትን ረጅም ቃል በረጅሙ፣ የእሱን አጭር ቃል በአጭሩ ጻፈ። አሮጊቷን የጠየቃት የለም።

"ለምን አትጮህም ነበር?" አልኩት ቤት ሲመጣ።

"ደንግጦ ነው። ነገ ሄዶ ያስተካክለዋል።"

ነገ መጣ፣ አላስተካከለም። አሻግሬ የሚሠራበት ካምፓኒ ከሥራ አግዶ የኤርፖርት መግቢያ ባጁን ተቀበለው። ለሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ ቀጠሮ ሰጡት። ጥፋቱ የእሱ ነው ከተባለ ባጁ አይመለስም፤ ባጁ ካልተመለሰ ደግሞ ሻንጣ ለመጫንም ሆነ ወለል ለመጥረግ በዚያ ኤርፖርት በር ዳግመኛ አይገባም። ከእንጀራውም የከፋው ስሙ ነው። "አሮጊት የጣለው ሰውዬ" ሆኖ ሊቀር ነው፣ ይህ ሰው። ስልኩን ከፊቱ አስቀምጦ የመኳንንትን ድምፅ ጠበቀ። መኳንንት አልደወለም።

በመኳንንት ፈንታ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ መጣ። ጋሽ ተስፋዬ ከሮውሌት፣ ጋሽ ሕዝቅያስ ከወዲህ ከጋርላንድ፣ የጾም ኬክ ይዘው። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ትዳር አስታርቀዋል። እኔም ሳያቸው ደስ አለኝ፣ ሞኟ፤ መኳንንት ተጸጽቶ የላካቸው መሰለኝ።

ጋሽ ተስፋዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። "ልጄ አሻግሬ፣ ነገሩን ሰምተናል። ሶ፣ አንድ ነገር እንለምንሃለን። በሆድህ አድርገው። መኳንንት ቢወድቅ ኢንሹራንሱ ይሄዳል፣ የኤርፖርቱ ፈቃድ ይሄዳል፣ ያ ሁሉ ሾፌር ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራል። ቤተ ክርስቲያናችን እንኳ የቆመው በማን ነው? አንተ ግን... ማለቴ ሥራህን መናቄ አይደለም... ወንበር መግፋት የትም አይጠፋም። እሱም አይጥልህም፣ ቫን ይሰጥሃል።"

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ይኸው ቤቴ ውስጥ፣ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው አጥራችንን ይነቀንቁታል።

"ጋሽ ተስፋዬ" አልኩ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሁለት ሰው አንዱ ይውደቅ ከተባለ የገጨው ለምን አይወድቅም?"

"አንቺ ልጅ፣ ረጋ በይ። ይሄ የሁለቱ ወንድማማቾች ጉዳይ ነው።"

"ኪራዩን ስንከፍል ግን ሦስተኛ ሆኜ አላውቅም፣ እኩል ነው የምከፍለው።"

ጋሽ ሕዝቅያስ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መቁጠር ጀመሩ። አሻግሬ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና እሱ ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ተቆጥቶ እንኳ ከፍ አይልም።

"አባቶቼ፣ እናንተን እምቢ ማለት አላውቅም። ግን ዕርቅ ወግ አለው። ያጠፋ ሰው መጀመሪያ ጥፋቱን በሽማግሌ ፊት ያምናል። መኳንንት ይምጣ። እዚህ በእናንተ ፊት 'አሻግሬ፣ ፍሬኑን ይዘህ ነበር፣ የገጨሁህ እኔ ነኝ' ይበለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይህን ካለኝ እኔ ካምፓኒው ፊት 'ረስቼ ነው' እላለሁ። ባጁንም ይውሰዱት።"

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። አሁንስ ምን ቀረ! መርቀውን ኬካቸውን ቆርሰው ወጡ። እኔ ግን በሩ እንደተዘጋ አበድኩ።

"ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል! ላልሠራኸው ጥፋት ስምህን ልትሰጥ?"

"የትሜ፣ ሥራ ሌላ ይፈለጋል። ከልጅነቴ የሚያውቀኝ ሰው ግን መኳንንት ብቻ ነው፣ ወላጆቼም የሉም። እውነቱን እሱ አፉን ሞልቶ ከነገረኝ ሌላው ቢሳሳትም እችለዋለሁ።"

ምን ትሉታላችሁ? እኔ ባሌን ሳገባው እንዲህ መሆኑን አውቄ ነው፤ ተናድጄም ወደድኩት።

መኳንንት ማክሰኞ መጣ፣ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር በአንድ መኪና። ጋርላንድ በኖርንበት ዘመን ሁሉ ቤታችን ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው። "ፓርክ ማድረጊያ የላችሁም እንዴ?" እያለ ገባ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ካፖርቱን አላወለቀም። ጋሽ ተስፋዬ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ "በል ልጄ፣ ጀምር" አሉት።

መኳንንት ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጠ።

"ሶ... ማለቴ፣ እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ወደ ኋላ ስመጣ ወንበሩ ሲንሸራተት በመስታወት አየሁት።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ባሌ ግን ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ተናገረ። "መኳንንት፣ እዚህ ፖሊስ የለም። ካሜራ የለም። የትምወርቅ ናት፣ ጋሽ ተስፋዬና ጋሽ ሕዝቅያስ ናቸው። ከቫኑ ስትወርድ ምን ነበር ያልከኝ?"

"ደንግጬ ነበር። ምን እንዳልኩ አላስታውስም።"

"'አላየሁህም' ነው ያልከኝ። በማርያም ብለህ ምለህ። አሁን ደግሞ በመስታወት አየሁ ትላለህ።"

"ስማ አሻግሬ፣ አንተም ሰው ነህ። ቀኑን ሙሉ ስትገፋ ውለህ ደክሞሃል፣ ትረሳለህ። እኔ እኮ አልፈረድኩብህም። እሺ? እኔ ይቅር ብዬሃለሁ።"

ይቅር ብዬሃለሁ! ሰው ገጭቶ፣ በሰው ላይ ዋሽቶ፣ እንጀራውን ሊወስድበት መጥቶ፣ ይቅር ብዬሃለሁ! ሞት ይርሳኝ፣ ያን ጊዜ አጠገቤ የነበረውን የእሑዱን ኬክ ሳህን ልወረውር አንስቼ ነበር። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። "ሰማችሁ? እናንተ ምስክር ናችሁ፣ ሰማችሁ?" ጋሽ ተስፋዬ ምንጣፉን ያያሉ። ጋሽ ሕዝቅያስ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

ያቺ ቃል ምን ታስከፍለው ነበር? ምንም። ባሌ ባጁን ሊሰጠው፣ ስሙን ሊሰጠው ተቀምጧል። ብዙ አስቤበታለሁ። መኳንንት ለአሻግሬ መስጠት ይችላል፤ ክፍል ሰጥቶታል፣ ሥጋ ይሰጠዋል፣ ቫንም ሊሰጠው ነው። ከአሻግሬ መቀበል ነው የማይችለው። የዘበኛው ልጅ እሱን ማዳኑን ካመነ እኩል ሊሆኑ ነው፤ ከዚያ ጋራዡ ውስጥ ማን ይበልታል? በሲኒማው አመድ ላይ መቀመጥ ቀላል ነው፤ አመዱ የሕንድ ነው።

አሻግሬ ተነሥቶ ቆመ። ዐይኑ ደረቅ ነበር።

"በቃ፣ ተግባባን" አለ።

"ኦኬ፣ ሶ ነገ ቀጠሮው ላይ..." አለ መኳንንት፣ ነገሩ ያለቀ መስሎት።

"ነገ ቀጠሮው ላይ እውነቱን እናገራለሁ። ደህና ግቡ።"

በማግስቱ ሥራ አልገባሁም፤ ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ሁለታችንም ኧርቪንግ ሄድን። አሻግሬ የአሮጊቷን ልጅ ስልክ በአደጋው ቀን ተቀብሎት ነበር። አሮጊቷ እጇን በጀሶ ታስራ ተቀምጣለች። ባሌን ስታየው በሳቅ ተቀበለችው። እሱ ስለ ፍሬኑ ሊጠይቃት ፈለገ፤ ቃሉን አያውቀውም። በሕንድኛ መሐላ ያውቃል፣ እንባ ያውቃል፣ የጨካኝ ጌታ ስድብ ሁሉ ያውቃል፣ ፍሬን የሚባል ነገር ግን ያ ፊልም ውስጥ የለም። ስለዚህ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከና ወንበር አጠገቡ ያለ ይመስል በግራ እጁ ጫን፣ በቀኝ እጁ ጫን፣ ከዚያ ነቅነቅ አደረገ። አሮጊቷ ጮኸች። በደህናው እጇ እሷም ጫን፣ ጫን፣ ነቅነቅ። የልጅ ልጇ ተረጎመችልን። "ይዞት ነበር፣ ሁለቱንም ጎን ይዞ ነቅንቆታል፣ ስልክ የሚያወራው ሰውዬ ነው የመጣብን ትላለች። ደግሞ ለምን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም ትላለች።"

ለምን እንዳልጠየቋት እኔ ልነግራት እችል ነበር። እንግሊዝኛ የሌለው ሰው ዐይንም ያለው አይመስላቸውም።

ልጇ ደህና ሰው ነው፤ እናቱን ይዞ ከእኛ ጋር ካምፓኒው ቢሮ መጣ። አሮጊቷ እዚያም ጫን፣ ጫን፣ ነቅነቅ አደረገች። ማናጀሯ ጻፈች፣ አለቆቿ ጋ ደወለች፣ "እናጣራለን" አለች። ከገና በፊት ባጁ ተመለሰ። ይቅርታ ያለው የለም፤ "ሰኞ ግባ" ብቻ። መኳንንትስ? ኤርፖርቱ እስከ ጸደይ ድረስ አገደው። ሾፌሮቹ በሆቴሎቹ በኩል ይሠራሉ፣ አንድ ሰው ሜዳ ላይ አልወደቀም፤ የቤተ ክርስቲያኑም ጣራ አልፈረሰም። ጋሽ ተስፋዬ ይወድቃል ያሉት ሁሉ ቆሟል።

የወደቀው አሻግሬ ነው፣ በሐበሻው ዘንድ። "ወንድሙን ለፈረንጅ አሳልፎ ሰጠ" ተባለ። "ያስጠጋውን ሰው!" ተባለ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስንገባ ወሬው ይቋረጣል። አይናዲስ ዐይኔን ሳታይ ታልፈኛለች። ለገና በዓል መኳንንት ቤት ቅርጫ ላይ አልተጠራንም፤ በሬውን ማን እንደበለተው ባላውቅም በመጥረቢያ ነው የጨፈጨፉት ሲሉ ሰምቼ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። አሻግሬ አልሳቀም። ሥራውን ይገባል፣ ይወጣል፣ እራቱን በልቶ ይቀመጣል። ከዚያ ሁሉ ስድብ ይልቅ የሚከነክነው አንድ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ድንገት "እውነት እኮ መስሎት ይሆናል፣ በመስታወት ያየ መስሎት" ይለኛል። አሁንም መውጫ ይፈልግለታል፣ ለዚያ ሰው።

ጥምቀት አልፎ በሳምንቱ ጋሽ ተስፋዬና ጋሽ ሕዝቅያስ እንደገና መጡ። አሁን ኬክ የለም። አሻግሬ እንደ ወትሮው ተነሥቶ ተቀበላቸው፣ አስቀመጣቸው፣ እኔም ሻይ አፈላሁ።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ተስፋዬ፣ "ይሄ ነገር እንዲህ ሆኖ አይቀርም። መኳንንት በጣም ተጎድቷል። እኛም መክረንበታል። አንተ ታናሹ ነህ፣ ተነሥና ዋይሊ እንሂድ፤ ይቅርታ ጠይቀው፣ ይለቅ።"

ሻዩን ልደፋው ምንም አልቀረኝም። አሻግሬ ግን በዐይኑ ያዘኝ።

"ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የምጠይቀው፣ ጋሼ?"

"ወንድምህን ባዕድ ፊት አዋረድከው።"

"የተናገርኩት ውሸት ነበር?"

"እንዴ! እውነት መሆኑንማ እናውቃለን" አሉ ጋሽ ተስፋዬ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁ ገርሟቸው። "ያን ዕለት ከእሱ ጋር ወደዚህ ስንመጣ መኪና ውስጥ ነግሮናል። ስልክ እያወራሁ አላየሁትም፣ ወንበሩማ ቆሞ ነበር ብሎናል። እኛ የምንልህ እውነትም ቢሆን..."

 ጋሽ ሕዝቅያስ ቀና ብለው ጓደኛቸውን አዩና ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ጋሽ ተስፋዬን ምን እንዳመለጣቸው ገብቷቸዋል።

አሻግሬ ያቺን ቃል ነበር የለመነው። ባጁን፣ ስሙን ሊሰጥላት የተዘጋጀላት ቃል ከደጃችን መኪና ውስጥ ተነግራ፣ ደረጃውን ወጥታ ቤታችን አልገባችም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሰምተዋት፣ ይዘዋት ገብተው፣ እሱ "እዚህ ፖሊስ የለም" እያለ ሲለምን ምንጣፍ እያዩ ተቀምጠዋል።

"ስትጠየቁ ለምን ዝም አላችሁ?" አለ አሻግሬ።

"ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አይመሰክርም፣ ልጄ።"

አሻግሬ ተነሣ። የጋሽ ተስፋዬን ካፖርት ከመስቀያው አውርዶ፣ ብርድ ስለነበር፣ እጅጌውን ይዞ አለበሳቸው። የጋሽ ሕዝቅያስንም አለበሳቸው። ከዚያ፣ ሽማግሌ ፊት ቀና ብሎ የማያውቀው ሰውዬ ሁለቱንም ዐይን ዐይናቸውን አያቸው።

"እኔ መኳንንትን ይቅር ብዬዋለሁ" አለ። "እሱ ቤቱን አጣለሁ፣ ቫኑን አጣለሁ ብሎ ፈርቶ ነው። እናንተ ግን፣ አባቶቼ፣ ምን ልታጡ ነበር? እናንተን ምን አስፈራችሁ?"

ጋሽ ተስፋዬ ካፖርታቸውን መቆለፍ ጀመሩ። ጋሽ ሕዝቅያስ ቀድመዋቸው ወጡ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።